ሥዕሉ የተሣለው ለልብስ ሰፊው ነው

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ ስለሰቀልኩት አንድ የድሮ የባሌ (የመድረክ ዳንስ) ልብስ ንድፍ ቅጂ እንደዋዛ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። መዘዙ ብዙ ሆነ። የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ከሞላ ጎደል ስለዚያው ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ከዚሁ ከጅማ ነው የመጡት። ደስ ብሎኛል። እስካሁን በዚህ ከተማ "ጉዋሽ ቀለም አላችሁ?" እያለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችን የሚያስቸግረው እኔ ብቻ ነበርኩ የሚመስለኝ። ጉዋሽ ማለት ወፈር ብሎ የሚቀባ የውሃ ቀለም ነው።

ያለፈውን ላላነበበ ባጭሩ። ቴአትር፣ ኦፔራ ወይም ባሌ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ተዋናዮቹ የሚለብሱትን ወረቀት ላይ ይሥላል። የአልባሳት ንድፍ የምንለው ይሄን ነው። ከድሮዎቹ አንዳንዶቹ ከማማራቸው የተነሳ ዛሬ ሙዚየም ገብተዋል። ዋናውን መግዛት ለኔና ለናንተ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ በዚያው ዓይነት ቀለም፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ በእጃቸው የሚቀዱ ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነኝ። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ሕርማታ አካባቢ ነው የምሠራው። ከአንድ ሻጭ የባክስት ሥዕል ቅጂ "ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሣለ" ተብዬ በ6,500 ብር ገዛሁ። ቢሮ ወስጄ ሳሳይ አንዷ ባልደረባዬ ገና ከበሩ ላይ ሆና "ይሄማ ፕሪንት ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ተበላሁ እንዴ?

መልስ፦ ተረጋጋ ወንድሜ። ከበር ላይ ሆኖ ፕሪንትና ሥዕል የሚለይ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ከሩቅ ሁለቱም ያው ናቸው። ባልደረባህ ልክ ልትሆን ትችላለች፣ ግን በዕድሏ ነው።

መጀመሪያ የገዛኸው ሥዕል የማን እንደሆነ እንወቅ። ሊዮን ባክስት እ.ኤ.አ. በ1866 ግሮድኖ በምትባል፣ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ባለች ከተማ ተወለደ። የሞተው በ1924 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዲያጊሌቭ የተባለው ሰው በ1909 ፓሪስ ይዞት ለመጣው የሩሲያ ባሌ ቡድን ልብስና መድረክ ይነድፍ ነበር። በ1910 ሸህራዛድ የተባለው ባሌ ሲታይ ሰማያዊና አረንጓዴን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ላዩ ላይ ብርቱካናማ ጨምሮበት፣ ያንን ቀለም ፓሪሶች ከመድረኩ ላይ አንስተው ወደ ሴቶቹ ቀሚስና ወደ ሳሎናቸው ትራስ አስገቡት። ይሄ ሰው የሚሠራው በእርሳስ፣ በውሃ ቀለም፣ በጉዋሽ ነበር፤ በብዙ ሥዕሎቹ ላይ ደግሞ ወርቅማና ብርማ ቀለም አለ።

ይቺን የመጨረሻዋን ያዝልኝ፣ ፈተናህ እሷ ላይ ነውና። ሥዕሉን አውርደህ መስኮት አጠገብ ቁም። ቀስ እያልክ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘንብለው። እውነተኛ ወርቅማ ቀለም ካለው በአንደኛው በኩል ብልጭ ይልና በሌላኛው ይጠፋል። ተራ ማተሚያ ወርቅ አያትምም፤ ቢጫውንና ቡናማውን አደባልቆ ወርቅ ለማስመሰል ነው የሚሞክረው፣ ቢያዘነብሉት ቢያዘነብሉት ያው ቡናማ ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር። ከሌለህ የስልክህን ካሜራ አስጠግተህ አጉላ። የተሣለውን ሰው ፊት ሳይሆን ወጥ ቀለም ያለበትን ቦታ እይ። ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ካየህ ማሽን ነው። ከዚያ ማታ መብራት አጥፋና የስልክህን ባትሪ ከጎን አብራበት። ጉዋሽ ደረቅና ወፈር ያለ ስለሆነ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ጥላ ይጥላል። ከሥሩ የእርሳስ መስመር ሾልኮ ሲወጣ ታያለህ።

አንድ ተንኮል ግን አለ። ሥዕሉን አትመው፣ ላዩ ላይ እዚህም እዚያም ሁለት ሦስት ብሩሽ ጣል ያደርጉና "በእጅ የተሣለ" ይሉሃል። ሐሰት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ስለዚህ አንድ ቦታ አይተህ አትፍረድ፤ እጅጌውንም፣ ጫማውንም፣ ባዶውን ወረቀትም እይ። ባዶው ወረቀት ላይ ነጠብጣብ ካለ ጉዱ ወጣ፤ ባዶ ወረቀት ማን ቀለም ይቀባዋል?

ፕሪንት ሆኖ ከተገኘ ለሻጩ ደውልና ገንዘብህን ጠይቅ። በእጅ ተሥሎ ግን መጥፎ ሆኖ ከተገኘ... እሱን ደግሞ ቀጣዩዋ ጠያቂ ታጫውትሃለች።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሥዕል ራሴን ነው ያስተማርኩት። ባክስት ለባሌ የሣላትን የእሳት ወፍ (ወፏን ሆና የምትደንሰውን ልጅ ልብስ) ሦስት ጊዜ ቀዳኋት። ካሬ አስምሬ ነው የሠራሁት፣ መስመሩ ልክ ነው፣ ቀለሙም ይቀራረባል። ግን የሱ ልትበር ነው፣ የኔዋ የታረደች ዶሮ ነው የምትመስለው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሳቄን ልጨርስና ልመለስ።

እሺ። ከታረደችው ዶሮ በኩል እኔም አልፌያለሁ፣ አይዞሽ። ካሬው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ድሮም ዛሬም የሚሠራበት ነው። ችግሩ ሌላ ነው፣ የኔን ልንገርሽና ያንቺን አንቺው ታገኝዋለሽ።

ከዓመታት በፊት ከሸህራዛድ ንድፎች አንዷን ቀድቼ ነበር። ሰፊ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰበሰብ ሱሪ የለበሰች ሴት ናት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኮርቼባት በካርቶን ሸፍኜ ይዣት ስዞር፣ መርካቶ ጎን በረንዳ ላይ ለሚሰፋው ሰውዬ ሱሪዬን እንዲያሳጥርልኝ ልሰጥ ጎራ አልኩ። ሥዕሏን አየና ሲንጀሩን አቆመ። ያደንቀኛል ብዬ ስጠብቅ "ይሄ ጨርቅ ከየት ነው የሚነሳው?" አለኝ። አልገባኝም። ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አወረደና ሥዕሉን ሳይነካ በአየር ላይ እጥፋቶቹን እየተከተለ "ይሄ እጥፋት ከየትም አልመጣም፣ የትም አልታሰረም። ይሄም። ይሄም። ይሄን ልብስ ልስፋ ብል አልችልም" አለ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ቁራጭ ሽፎን አወጣ፣ ጫፉን በጣቱ ሸብሽቦ ያዘና ለቀቀው። ጨርቁ ከተያዘበት ቦታ ተነስቶ እንደ ውሃ ወረደ። "ይኸውልህ" አለኝ። ሱሪዬንም በነጻ አላሳጠረልኝም።

ቤት ገብቼ የባክስትን ምስል እንደገና አየሁት። እውነትም እያንዳንዱ እጥፋት ዳሌ ላይ ካለው መቀነት ነው የሚነሳው። አንዱም ጌጥ አይደለም። እኔ መስመሩን እንደ መስመር ነበር የቀዳሁት፤ እሱ ግን ለልብስ ሰፊ "እዚህ ጋ ሸብሽብ፣ እዚህ ጋ ልቀቅ" እያለ ነበር የሚሥለው። የአልባሳት ንድፍ የሥራ ትዕዛዝ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኋላ ነው። በእርግጥ ባክስት ስሙ ከገነነ በኋላ ለዐውደ ርእይና ለገዢ ብሎ ንድፎቹን ደጋግሞ ሥሏል፣ ግን እነሱም ላይ ቢሆን የልብስ ሰፊው ቋንቋ አልጠፋም።

ስለዚህ ወፏን ለአራተኛ ጊዜ ከመቅዳትሽ በፊት እንዲህ አድርጊ። ተራ ወረቀት ላይ ያለ ጌጥ፣ ያለ ላባ፣ ያለ ቀለም በእርሳስ ብቻ አውጫት። ከዚያ ራስሽን ጠይቂ፤ ስፌቱ የት ነው? ምኑ ላይ ነው የታሰረው? ክብደቱ የት ወረደ? ጠርዙ ላይ በራስሽ እጅ ጻፊበት፦ ሐር፣ ዶቃ፣ ላባ፣ ከኋላ የሚቆለፍ። ሳታውቂው ዶሮዋ ነፍስ ትዘራለች። ደግሞ አስታውሺ፣ የእሳት ወፍ ባሌ በ1910 ሲወጣ አብዛኛውን ልብስ የነደፈው ጎሎቪን የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነው። ባክስት የሣለው የወፏንና የልዕልቷን ነው። ለአንዲት ዳንሰኛ፣ ለምትዘል ሰው፣ የሚለበስ ነገር ነበር የሚሥለው። እግሯን የሚይዝ ልብስ ቢሥል ኖሮ መድረክ ላይ ትወድቅ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። የቀጂ መስመር የሚታወቀው በመንቀጥቀጡ ነው፤ እንዳይሳሳት እየፈራ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የክንዷን መስመር ጋዜጣ ላይ ሃያ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ሥሪው፤ ክንድሽ ከለመደው በኋላ ጥሩው ወረቀት ላይ አንዴ። ሲሳሳት ተይው። ትንሽ የተሳሳተ ግን የሚሮጥ መስመር፣ ልክ ሆኖ ከሚያነክስ ይሻላል። ቀለሙ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ስሱን የውሃ ቀለም ለቆዳውና ለስስ ጨርቁ፣ ቀጥሎ ጉዋሹን ለጥለቱና ለነጠብጣቡ፣ ወርቁን መጨረሻ።

እውነተኛዎቹ የባሌው ልብሶች ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ እንዲሁም ካንቤራ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ በብዛት ተቀምጠዋል። ፎቷቸውን ከንድፉ አጠገብ አድርገሽ እይ። ትገረሚያለሽ። ብዙው ጥለት ጥልፍ ሳይሆን ጨርቁ ላይ የተቀባ ወይም ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ሻካራ፣ ከሩቅ ሲያዩት የንጉሥ ልብስ። ይሄን ካየሽ በኋላ እያንዳንዷን ነጠብጣብ በቀጭን ብሩሽ እያሾልሽ አትሰቃዪም።

ደግሞ ወረቀቱ ያረጀ እንዲመስል ብለሽ ቡና እንዳትቀቢው። ጅማ ተቀምጦ ይሄ እንደሚያምርሽ አውቃለሁ፣ ሞክሬዋለሁ። ቡና አሲድ አለው፣ ወረቀቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ቀለሙም በጊዜ ይቀየራል። ባክስት የሠራው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ወረቀት ላይ ነው። ያረጀው ኋላ ነው፤ ያንቺም ጊዜው ሲደርስ ያረጃል። ቡናውን ጠጪው።

ጥያቄ፦ ቅጂዬ ላይ ያደረግኩት ወርቅ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ቡናማ ሆነ፤ ጠርዙ ላይ ጭራሽ አረንጓዴ ጀምሮታል። የገዛሁት "ወርቅ" ተብሎ ነው። ይድናል?

መልስ፦ አይድንም።

የገዛኸው ወርቅ ሳይሆን የናስ ዱቄት ነው፤ መዳብና ዚንክ። መዳብ እርጥበት ካገኘ ምን እንደሚሆን የድሮ የመዳብ ሰሐን ያለው ሰው ያውቃል። የኛ ከተማ ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ የማይለያት ናት፣ ለመዳብ ጠላት ነች። ሰሐን በሎሚ ይፈገፈጋል ብለህ ሥዕሉን ሎሚ እንዳታስነካው ብቻ አደራ፤ አንድ ሰው አድርጎት አይቻለሁ፣ ወርቁም ወረቀቱም አብረው ሄዱ።

ለወደፊቱ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ከማይካ የሚሠራው ወርቅማ ቀለም ነው። ማይካ ድንጋይ ስለሆነ አይዝግም፤ ብልጭታው ከናሱ ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ ዓመታት ያልፉታል። ሁለተኛው እውነተኛ ወርቅ፣ ዱቄቱ በሙጫ ተለውሶ የሚሸጠው። ዋጋው ያማል፤ ስለዚህ ጉትቻዋ ላይ፣ መቀነቷ ላይ፣ ነጥብ ነጥብ ብቻ። ብር የሚመስል ስትፈልግም የአሉሚኒየሙን ያዝ፣ እውነተኛው ብር ይጠቁራል።

በነገራችን ላይ ወርቁንም፣ የውሃ ቀለሙንም፣ ጉዋሹንም ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው የግራር ሙጫ ነው። ከኛው ቆላ ይለቀማል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ተጨምሮ መልሶ ይሸጥልናል። ቱቦዋን በጨመቅኩ ቁጥር ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። መንደራ አካባቢ ካፌ አለኝ። ግድግዳዬ ላይ ስድስት የቴአትር ልብስ ሥዕሎች ቅጂ አሠርቼ ልሰቅል ነበር። አንድ ደንበኛዬ ግን "የሰው ሥራ ነው፣ ሕግ አለው፣ ትከሰሻለሽ" ብሎ አስፈራራኝ። ልጆቼም ተዪው እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ደንበኛዎ ግማሽ ልክ ነው። ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ባጭሩ፣ የሠዓሊው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ድረስ ይጠበቃል። ባክስት የሞተው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ያው ቆጥረው ይድረሱበት፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አውሮፓ ውስጥ እንኳ ዘመኑ 70 ዓመት ነው፣ እሱም አልፏል። ስለዚህ ባክስትን ያለ ስጋት ያሠሩ።

የሚጠነቀቁት ከኤርቴ ነው። ፒተርስበርግ ተወልዶ ፓሪስ የኖረ፣ ቀጫጭን ሴቶችን በረጃጅም ካባ የሚሥል፣ ለካፌ ደግሞ እጅግ የሚያምር ሠዓሊ ነው። ሠዓሊዎ "ኤርቴን ልሥራልሽ" ቢልዎት አትቸኩሉ። የሞተው በ1990 ስለሆነ በኛም ሕግ ገና ነው።

ሌላው የፊርማ ጉዳይ ነው። ሠዓሊው የባክስትን ፊርማ እንዳይቀዳ ይንገሩት። ከጀርባው የራሱን ስም፣ ቀኑንና "ከባክስት የተቀዳ" የሚል ይጻፍበት። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ተፈቅዶላቸው የሚቀዱ ሠዓሊዎች እንኳ ፊርማውን መቅዳት አይችሉም፤ የቅጂው መጠንም ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት አለበት። ነገ ልጆችዎ ካፌውን ሲረከቡ ወይም አንድ ቀን ሥዕሉ ሲሸጥ ማንም ማንንም እንዳያታልልበት ነው።

ስድስት ግን አይበዛም? ባክስት በጣም ይጮሃል። ስድስት የሚጮህ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ካስቀመጡ ደንበኛዎ ቡናውን ሳይጨርስ ይወጣል። ሦስት ይብቃዎት። የጀበናው ሥራ ካለበት ጥግ ያርቋቸው፤ የከሰሉና የእጣኑ ጢስ መስታወቱን ብቻ አይደለም የሚያጠቁረው፣ በፍሬሙ ስንጥቅ ገብቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ የቴአትር ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። አይዳ የሚባለው ኦፔራ ስለ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ነው ሲባል ሰምተን የክበቡን ክፍል በአይዳ አልባሳት ሥዕሎች ቅጂ ልናስውበው አሰብን። ተማሪዎቹ አይዳን ጥለት ያለው የሀበሻ ቀሚስ እናልብሳት ይላሉ። እኔ ልቤ አላረፈም። የመጀመሪያው ንድፍ ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ መምህር፣ ልብዎ አለማረፉ ልክ ነው። ጥያቄዎ የዚህ ወር ምርጡ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ኦፔራውን የደረሰው ጣሊያናዊው ቨርዲ ነው። ያዘዘው የግብጹ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል ነው። መጀመሪያ የታየውም ካይሮ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው። ልብሶቹን የነደፈው ደግሞ ልብስ ነዳፊ አልነበረም፤ ኦጉስት ማሪየት የሚባል ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ነው። ግብጽ ውስጥ አሸዋ ሲያስቆፍር የኖረ ሰው። የታሪኩን መነሻ ያቀረበውም እሱ ነው። ስለዚህ ልብሱን ከሐሳቡ አላመነጨውም፣ ከመቃብርና ከቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እያየ በውሃ ቀለም ሣለው። አክሊሉም፣ አንገት ላይ የሚያርፈው ሰፊ ጌጥም፣ ሽርጡም ከዚያ የመጣ ነው።

ማሪየት አንድ ነገር ያበሳጨው ነበር፤ የዘፋኞቹ ጢም። የጥንት ግብጻውያን ጢማቸውን ይላጩ ነበር፣ የዘመኑ አውሮፓዊ ዘፋኞች ግን ጢማቸው ክብራቸው ነው። ፈርዖን ጢሙን አሹሎ ሲወጣ በዓይነ ሕሊናው እየታየው ይላጩ ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔ ይሄን ሰውዬ የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ልብሱን እየሣለ የሚያስበው ስለ ልብሱ ብቻ አልነበረም፣ ለብሶት ስለሚቆመው ሰው ነበር።

ልብሶቹ የሚሰፉት ፓሪስ ነበር። ማሪየት ሥራውን ሊቆጣጠር ሄደ። በመስከረም 1870 የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ከበበ። ልብሶቹም፣ የመድረክ ዕቃውም፣ ማሪየት ራሱም እዚያው ተቆለፈባቸው። ጥር 1871 ላይ ሊታይ የታሰበው ኦፔራ በዚህ ምክንያት ወደ ዓመት ገደማ ዘገየ። ሙዚቃው ተጠናቆ ልብስ የጠበቀ ኦፔራ ነው እንግዲህ። ልብስ ሰፊን የሚንቅ ካለ ይሄን ይስማ።

አሁን ወደ ሀበሻ ቀሚሱ። በኦፔራው ውስጥ "ኢትዮጵያ" የሚባለው ከግብጽ በስተደቡብ ያለው የጥንቱ የኩሽ አገር ነው፣ ዛሬ ሱዳን ወዳለበት። ማሪየት የሣለውም እሱን ነው። ስለዚህ ጥለት ያለው ቀሚስ እዚያ ውስጥ የለም፤ ጨምረው "የማሪየት ንድፍ ቅጂ" ብለው ከሰቀሉት ተማሪዎቹን እያሳሳቱ ነው። ግን ሐሳባቸውንም አይግደሉባቸው። ሁለት ግድግዳ ይለዩ። በአንዱ ላይ የማሪየት ቅጂ፣ ያለ ምንም ጭማሪ። በሌላው ላይ "የእኛ አይዳ" ብለው የራሳቸውን ይሣሉ፣ የፈለጉትን ያልብሷት። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ አይገናኙ፣ ሌላ ሕግ የለኝም።

ምስሎቹን ጋሊካ በሚባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ያገኟቸዋል። አብረው ደግሞ ላኮስት የተባለው ነዳፊ በ1880 ለፓሪስ ኦፔራ የሠራቸውን የአይዳ ልብሶች ይፈልጉ። አንድን ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው እንዴት እንዳለበሰው ለተማሪ ማሳየት ብቻውን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

ለታሪክ መምህሩ የምትሆን ደግሞ ላቀብልዎት። ያው ኢስማኤል አይዳ በታየ በአራተኛው ዓመት ጦሩን ወደ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላከ። መድረኩ ላይ ግብጽ ናት የምታሸንፈው። ጉንደት ላይ በ1875፣ ጉራ ላይ በ1876 አፄ ዮሐንስ ምን እንዳደረጉት ግን ተማሪዎቹ ያውቃሉ፣ ካላወቁም መምህሩ ይንገራቸው።

ጥያቄ፦ የራሳችን ካባና ለምድ እያለ፣ አባ ጅፋር ደጃችን ላይ እያሉ፣ ምን አለፋችሁ የፈረንጅ ባሌ ስትቀዱ? ቅኝ ሳንገዛ ልንገዛ ነው?

መልስ፦ ቁጣህን ተቀብያለሁ፤ ግማሹን።

መቅዳት ትምህርት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ከመምህሩ ሥዕል እየቀዳ ነው ያደገው፣ ማንም "የራስህን ሣል" ብሎ ገና በጨቅላነቱ አላባረረውም። ባክስትን የምቀዳው ጨርቅ እንዴት እንደሚወድቅ ስላስተማረኝ ነው። የበረንዳው ልብስ ሰፊም አስተምሮኛል፣ እሱም ያገሬ ሰው ነው።

ቀሪው ግማሽ ግን እውነትህን ነው። አንድ ሥራ ልስጥህ። ጅማ ሙዚየም ግባ፣ የንጉሡን የግል ዕቃዎች እይ። ከዚያ ጅሬን ውጣና የቤተ መንግሥቱን የእንጨት ሰገነት እይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ያንን ሁሉ ዘመን የሚያሳይ ቴአትር ጅማ ላይ ሊወጣ ነው እንበል፣ አንተ ደግሞ ነዳፊው ነህ። ንጉሡን በወጣትነታቸውና በእርጅናቸው አልብሳቸው። ረጅም ሰው እንደነበሩ ይነገራል፤ ተዋናዩ አጭር ከሆነ ካባውን ከየት ጀምረህ ታወርደዋለህ? ደረት ላይ ምን ታደርጋለህ? ጠርዙ ላይ ለልብስ ሰፊው ጻፍለት። ሠርተህ ከላክልኝ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ፣ ያኔ እኔ ያንተን እቀዳለሁ።

ጥያቄ፦ የሥዕሌ ጥግ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ወጥቷል። መስታወት ውስጥ ነው ያለው። ምንድን ነው?

መልስ፦ ሻጋታ ነው። ዛሬውኑ አውርደው። መስታወቱ ሥዕሉን ነክቶት ከሆነ እርጥበቱ መሐል ላይ ታፍኗል ማለት ነው፤ ፍሬም ሠሪው በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል ወፍራም ካርቶን ዙሪያውን ያስገባ፣ ጉዋሽ መስታወት ከነካ ተጣብቆ ይቀራል። ነጠብጣቡን በእርጥብ ጨርቅ እንዳትጠርገው። ከፍሬሙ አውጣው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ አድርቀው። ከደረቀ በኋላ ደጅ አውጥተህ፣ አፍህን በጨርቅ ሸፍነህ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፈው።

መልሰህ ስትሰቅል የውጭ ግድግዳ ላይ አይሁን፤ ከክረምቱ ጋር ልስኑ ሁሉ ይጠጣል። ከፍሬሙ ጀርባ በሁለቱ የታች ጥጎች ላይ ከጠርሙስ ክዳን የተቆረጠ ቡሽ ለጥፍ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈንጠር እንዲል። እኔ በየዓመቱ መስቀል ሰሞን ሁሉንም አውርጄ ጀርባቸውን አያለሁ። ዘንድሮ ከአንዷ ጀርባ ሸረሪት ቤት ሠርቶ አገኘሁት። ደረቅ ቦታ ነው ማለት ነው፣ ተውኩት።